ከአስር ዙር በላይ የሚይዝ መጋዘን

ሚሲሲፒ ወንዝ ዳር ባለችው ፍሪድሊ ከተማ ውስጥ የዓሣ ማጥመጃ፣ የክረምት ጫማና የአደን ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ አለ። ከኋላው ባለው መጋዘን አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። ሱቁ ጠመንጃም ይሸጣል። ጠመንጃዎቹ ፊት ለፊት መስታወት ውስጥ ተቆልፈው ስለሚቀመጡ እኛ የመጋዘን ሠራተኞች አንነካቸውም። የእኛ ሥራ ሰው በኢንተርኔት ያዘዘውን ከመደርደሪያ ለቅሞ፣ ካርቶን ውስጥ ከትቶ፣ አድራሻ ለጥፎ ማስወጣት ነው። ጋሪ ይዘን አንድ ጊዜ ዞረን ስንመለስ አንድ ዙር ይባላል፤ በእንግሊዝኛ ራውንድ እንለዋለን። በቀን አሥራ ሁለትም አሥራ አራትም ዙር እንሠራ ነበር።

ምን እንደምንለቅም፣ ወዴት እንደምንልክ የሚነግረን ኮምፒውተሩ ነው። ፕሮግራሙን ባለሱቁ ከዘጠኝ ዓመት በፊት ከሌላ ከተማ ካለ ኩባንያ ተከራይቶታል። የደንበኛው ስም፣ ያዘዘው፣ የመለሰው፣ የእኛ የምሳ ሰዓት ሳይቀር እዚያ ውስጥ ነው። የኩባንያውን ሰዎች አይቻቸው አላውቅም፤ እነሱም እኛ መኖራችንን አያውቁም።

አብራኝ የምትሠራው ወሎዬ ናት፤ ኮምቦልቻ ያደገች፣ በዕድሜ ልጄ የምትሆን። ከገባች ሁለት ዓመቷ ነበር። ፉል ታይም ከሆነች ግን ስድስት ወር አልሞላትም። የፈለገችውም ለሕክምና ኢንሹራንሱ ነው። ባሏ የስኳር በሽተኛ ነው፤ መርፌው ያለ ኢንሹራንስ አይቀመስም።

አንድ ማክሰኞ ባለሱቁ የምሳ ክፍላችን ግድግዳ ላይ ከኩባንያው የመጣ ደብዳቤ ለጠፈ። ከላይ በቀይ እስክሪብቶ የጥያቄ ምልክት ከማድረግ በቀር ምንም አልጻፈበትም። ትምህርቴ አስመራ ላይ፣ በአማርኛ፣ እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። እንግሊዝኛውን የለቀምኩት ከሥራ ነው። ሳንድዊቼን እንደያዝኩ ቆሜ አነበብኩት። የማላውቀውን ዘለልኩ፤ የዘለልኩት ይበዛል። የያዝኩት ይህን ነው፤ ከአስር ራውንድ በላይ የሚይዝ ማጋዚን ያለው ደንበኛ በዘጠና ቀን ውስጥ ያቁም፤ ካላቆመ ፕሮግራሙ ይዘጋበታል።

ማጋዚን ምን እንደሆነ ማንም ሊያስረዳኝ አያስፈልግም ነበር። ጣልያን አስመራ ላይ ትቶት የሄደው ቃል ነው፤ ማጋዚኖ፣ መጋዘን። ራውንድ ደግሞ ዙር ነው። የእኛ መጋዘን ከአስር ዙር በላይ ይሠራል። ነገሩ ግልጽ ነበር።

“ነይ እስቲ አንቺ” አልኳት። “ከአስር ዙር በላይ ተከልክሏል።”

“ማን ከለከለ?”

“የኮምፒውተሩ ሰዎች።”

“ያ ረቢ! በእኛ እግር እነሱን ምን አመማቸው?”

“እኔ እንጃ። ከአስር ካለፍን ይዘጉታል።”

ወረቀቱን ራቅ ብላ አየችው። የእሷ እንግሊዝኛ ከእኔም ያንሳል። “አስር ዙር ለሁለት ሰው አይበቃም እኮ፣ እማማ። አንዳችን ልንወጣ ነው” አለች። አንዳችን ያለችው እሷን እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። በሱቁ ደንብ መጨረሻ የገባ መጀመሪያ ይወጣል።

እኔም መላ መታሁ። አምስት እሷ፣ አምስት እኔ፤ ቀስ ብለን። አስር ዙር ሁለት ሰው የሚፈልግ ሥራ መሆኑን ያዩታል አልኩ። ሁለት ቀን እንደዚያ ሠራን። ከስምንት ሰዓት በኋላ ጋሪዎቹን አቁመን መደርደሪያ እንወለውል ነበር። ማተሚያው ትእዛዝ እየተፋ ወረቀቱ ወለል ላይ ተቆለለ።

ሐሙስ ዕለት ባለሱቁ መጣ። በዕድሜ ከእኔ ትንሽ የሚበልጥ፣ ረጅም፣ ጉልበቱን የሚያመው ሰውዬ ነው። ከእሷ ሰምቶ “ማማ” ይለኛል።

“ማማ፣ ምን ሆናችኋል? ደንበኛ እየጮኸብኝ ነው።”

“አስራችንን ጨርሰናል።”

“የምን አስር?”

“የደብዳቤው። አንተ ራስህ የለጠፍከው። እኛን ከመጋዘን ልታስወጣ ካሰብክ ፊት ለፊት ንገረን እንጂ ግድግዳ አታናግር።”

ሰውዬው ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየ። ከዚያ ወጥቶ ሄደ። ሲመለስ ከመስታወቱ ውስጥ ያወጣውን ጥቁር ብረት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። “ይኸውልሽ ማጋዚን። ራውንድ ጥይት ነው። ከአስር ጥይት በላይ የሚይዘውን፣ ራሱ እየጎረሰ የሚተኩሰውንም ጠመንጃ አትሽጥ ነው የሚሉኝ።”

“ይሄማ ካርታ ነው!” አልኩ በአማርኛ።

የጠመንጃ ጥይት መያዣውን እኛ ካርታ ነው የምንለው፤ ካርታማ አውቃለሁ። ልጅ ሳለሁ ቤታችን አንድ ክፍል የተከራየ ወታደር ነበር። ካርታውን መስኮት ላይ ይተወዋል። እናቴ እጇን ላለማስነካት በቆሻሻ ማፈሻ አንስታ አልጋው ላይ ታደርግለት ነበር።

ወሎዬዋ ካርቶን ላይ ተቀምጣ በሳቅ ፈረሰች። “ጣልያን ከሄደ ስንት ዘመኑ፣ ዛሬም እርስዎን ያሳስታል! ሁለት ቀን ሙሉ መደርደሪያ አስወለወሉኝ!”

እኔ አልሳቅኩም። “ታዲያ መጋዘኑ አይነካም ማለት ነው?” ብዬ ጠየቅሁት።

ባለሱቁ ኩባንያው እንደፈለገ ሊያዘው እንደማይችል፣ ካርታውንም ጠመንጃውንም መሸጥ እንደማያቆም፣ ዘጠናው ቀን ሲሞላም ሌላ ፕሮግራም እስኪያገኝና ሁሉ ነገር ወደዚያ እስኪዛወር ድረስ የኢንተርኔት ሽያጩ እንደሚዘጋ ነገረን። በስልክ ከሚታዘዘው ለመጋዘኑ የሚደርሰው ቢበዛ በሳምንት አርባ ሰዓት ሥራ ነው። የአንድ ሰው ሥራ። ቃሉን ብስትም ነገሩን አልሳትኩም ነበር።

በማግስቱ ኩባንያውን በስልክ ሲያነጋግር እኛም እንስማ አልኩት። የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጎ ጠረጴዛ ላይ አኖረው። ከኩባንያው ያነሳችው ልጅ ትሁት ናት። እናከብራችኋለን ትላለች፣ ግን ከማን ጋር እንደምንሠራ የመምረጥ መብት አለን ትላለች። ባለሱቁ ይቆጣል፤ እሷ ታመሰግነዋለች።

“ጠመንጃ እንደሚሸጥ ዘጠኝ ዓመት አታውቁም ነበር?” አልኩ።

“ይቅርታ፣ ማን ልበል?” አለች።

“መጋዘኑ ነኝ።”

ወሎዬዋ የሻርፗን ጫፍ ነከሰች።

“ፖሊሲው አዲስ ነው” አለች ልጅቷ።

“ስታወጡት እዚህ የሚሠራውን ሰው ጠይቃችኋል?”

ጥያቄዬን ለኃላፊዎቿ እንደምታደርስ ነገረችኝ። አድርሳው ይሆናል፤ መልስ ግን አልመጣም።

እኔ ለመሣሪያ ጠበቃ አይደለሁም። ያንን መስታወት ከነያዘው ሚሲሲፒ ወንዝ ቢከቱት አላዝንም። ግን ከሩቅ ሆኖ ክፉ ነገር አስቆምኩ የሚለው ሰው ከቦታው አይንቀሳቀስም፣ ከሥራው የሚፈናቀለው ሌላ ነው። ባለሱቁም ከዚህ አይሻልም። ስልኩን እንደዘጋ ጠየቅሁት።

“እንዲህ ዓይነቱን ካርታ በወር ስንት ትሸጣለህ?”

“ሦስት፣ አራት።”

“ለአራት ካርታ ሰው ታስወጣለህ?”

“ስለ ካርታው አይደለም፣ ማማ።”

“ለእሷ ስለ መርፌ ነው።”

ፊቱ ቀላ። ደንቡ ደንብ ነው፣ መጨረሻ የገባ ይወጣል አለ። ጠረጴዛውን መታሁት። አርባው ሰዓት ለሁለት ይካፈል፣ ሃያ እሷ፣ ሃያ እኔ፤ እኩል ማለት ፍትሕ ነው አልኩ። ተከራከረኝ፣ ሰለቸው፣ እሺ አለ። ያሸነፍኩ መስሎኝ ወጣሁ።

እሷ ግን ፊቷ አልተፈታም። “ሃያ ሰዓት ኢንሹራንስ የለውም፣ እማማ። ከሠላሳ ካነሰ ይቆማል።”

“ታዲያ እዚያው ለምን አልተናገርሽም?”

“መቼ ተራ ሰጡኝ?”

እኔ በዕድሜዬ ሕክምናዬ በመንግሥት ነው፤ ፍሮግታውን ሰፈር የምኖረውም ከልጄ ጋር ነው። ሰኞ ጠዋት ብቻዬን ባለሱቁ ቢሮ ገባሁ። ሠላሳ ለእሷ፣ አሥር ለእኔ አድርገው አልኩት።

“ዓርብ ዕለት እኩል ብለሽ ጠረጴዛዬን ደበደብሽ።”

“ተሳስቻለሁ። አሁን ይሄን ጻፍ።”

ጻፈው።

እሷ ያወቀችው የሥራ ሰዓት ድልድሉ ሲለጠፍ ነው። የያዘችውን ካርቶን መሬት ላይ ጣለችና መጣችብኝ።

“ማን ለምኑልኝ አለዎት?”

“አልለመንኩም፤ አዘዝኩት።”

“ሳይጠይቁኝ! ያቺን የስልኳን ልጅ ሰው ሳትጠይቁ ብለው ሲያፋጥጡ አልነበረም? እርስዎስ እኔን ጠይቀውኛል? ወላሂ፣ የሰው ሰዓት ቀምቼ መብላት እንደማልፈልግ ቢጠይቁኝ እነግርዎት ነበር።”

እውነቷን ነው። ደግ አደረግሁ ብዬ ስለ እሷ የወሰንኩት ያለ እሷ ነው፤ እንዲያውም በሩን ዘግቼ። ይቅርታ ማለት አይሆንልኝም፤ ዕድሜዬን ሙሉ አልሆነልኝም። “አሁን እየጠየቅሁሽ ነው። ምን ትያለሽ?” አልኳት።

ካርቶኑን አነሳችና ጥግ ላይ አስቀምጣ ተቀመጠችበት። የባሏን መርፌ እያሰላች እንደነበር አውቃለሁ።

“ሠላሳውን እወስዳለሁ” አለች በመጨረሻ። “ግን የእርስዎ አሥር ሰዓት በየትኛው ቀን እንደሚሆን የምመርጠው እኔ ነኝ።”

“ምረጪ።”

“ዓርብ። ከጠዋት እስከ ማታ። ዓርብ ቤቴ እውላለሁ።”

“ዓርብማ አይሆንም፤ የልጅ ልጄን ከትምህርት ቤት የማመጣው ዓርብ ነው።”

“ቢጠይቁኝ ኖሮ እንነጋገርበት ነበር” አለችና ጋሪዋን ይዛ ወደ መደርደሪያው ሄደች።

ሌላ ፕሮግራም እስኪገኝ ድረስ ዓርብ ዓርብ ሠራሁ። ልጄ ከሥራዋ ቀደም ብላ እየወጣች ልጁን አመጣች፤ በየሳምንቱም አጉረመረመችብኝ። ኢንሹራንሱ አልተቋረጠም።