ገዳዩ እንዲያመልጥ የጸለይኩ ጊዜ

ጉልበቴ በመትረፉ እፎይ እያልኩ ነው ይህን የምጽፈው።

ሰሞኑን ሁለት መጻሕፍት አነበብኩ። አንዱ የእስረኛ የሕይወት ታሪክ ነው፤ ሰውዬው በየገጹ ስለሚያለቅስ ፀሐይ ላይ አስጥቼ ነው የጨረስኩት። ሌላው የነፍሰ ገዳይ ልብ ወለድ ነው። እሱስ ሦስት ቀን እህል ውኃ አስረሳኝ። ምን ዋጋ አለው፣ ሳላስበው ገዳዩ እንዲያመልጥ እጸልይለት ጀመር።

ልቆርብ ስል ኅሊናዬ አላስችል አለኝና ለንስሐ አባቴ ተናዘዝኩ። የሚያዙብኝን ስግደት ሳስብ ላብ አጠመቀኝ፤ የኔ ጉልበት ሲንቋቋ እኮ ከአርብ ገበያ ከተማ ወገዳ ከተማ ድረስ ይሰማል።

«እህል ጉድጓድ ውስጥ የተሸሸገው ሰውዬ ነው?» አሉኝ።

«እሱው ነው፣ አባ። በኋላማ...»

መስቀላቸውን አፌ ላይ አደረጉት። «እግዚአብሔር ይፍታዎት። መጨረሻውን ግን እንዳይነግሩኝ፤ እኔ ገና ጉድጓዱ ጋ ነኝ።»