አባቴን ወደ ብርድ ያመጣን ለት

ባለፈው ሳምንት ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ስወጣ ሾፌሩ አንድ ቁልፍ ተጫነና ቀዝቃዛ ነፋስ ጉልበቴን ነካኝ። ሽታውን ነው ያወቅሁት። እርጥብ አቧራና ጎማ፣ ትንሽ ደግሞ ዝናብ የመታው ቆርቆሮ ይሸታል። ሁሉም መኪና እንደዚያ ይሸት እንደሆነ አላውቅም፤ ኤርኮንዲሽን ያለው መኪና ውስጥ የተቀመጥኩት በዕድሜዬ ጥቂት ጊዜ ነው። «እማማ፣ በረደዎት? ልቀንሰው?» አለኝ ልጁ። «ተወው» አልኩት። እማማ መባል ከጀመርኩ ቆየሁ፤ እስካሁን አልለመድኩትም። እስከ ደሴ ድረስ ያን ሽታ ስስብ ወጣሁ። ይህን ነገር መናገር ያደክመኛል፣ አለመናገሩም ያው ነው፤ እንግዲህ ከጀመርኩ ልጨርሰው።

በደርግ ጊዜ ቤታችን ከሐይቅ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ውሃው ቁልቁል ከሚታይበት ዳገት ላይ ነበር። አባቴ ግን አሰብ ነው የኖረው። እኔ ገና አራት ዓመት ሳይሞላኝ ወርዶ ወደብ ላይ ከመርከብ ጆንያ ያወርድ ጀመር። በዓመት አንዴ ለኢድ ይመጣል። ቴምር፣ ሽቶ፣ ለእኔ የፕላስቲክ ጫማ ይዞ ይመጣና በሳምንቱ ጉንፋን ይይዘዋል። ገና መስከረም ሳይጠባ ጋቢ ደርቦ ሲንቀጠቀጥ እኛ እንስቅበት ነበር። «የበረሃ ሰው ሆነህ ቀረህ» ትለዋለች እናቴ። እሱም ይስቅና አፍንጫውን እየጠረገ ተመልሶ ይወርዳል።

በድርቁ ጊዜ ለወሎ የሚመጣው እህል የገባው በዚያ ወደብ ነው። እሱና ጓደኞቹ ቀን ከሌት አወረዱት። የእህሉ ብናኝ ደረቱ ውስጥ ገብቶ ቀረ ትላለች እናቴ፤ ሐኪም ደግሞ የልብ ድካም ነው አለው። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት በምጠብቅበት ክረምት ጓደኛው የጻፈው ደብዳቤ ደረሰን። ሐኪሙ «ሙቀቱ ነው የሚጨርሰው፣ ቶሎ ደጋ አውጡት» ማለቱን ይናገራል። ደብዳቤውን ጮክ ብዬ ያነበብኩት እኔ ነኝ። እናቴ አላለቀሰችም። «እንዴት አድርገን?» ብቻ አለች።

ጥያቄዋ ትክክል ነበር። ከአሰብ የሚወጣ ሰው በጭነት መኪና ነው የሚወጣው። ሁለት ቀን ከሞተሩ አጠገብ፣ በሐምሌ በረሃ። ጤነኛውም ሲደርስ እንደ ተቀቀለ ድንች ነው፤ ልቡ የደከመ ሰው ደግሞ ከባቲ በታች ያለችውን ሚሌን እንኳ አያይም።

አንድ ተስፋ ነበረን፤ እሱም የጎረቤታችን ልጅ ነው። የፈረንጆች እርዳታ ድርጅት ሾፌር ነበር፤ የሚነዳት ነጭ መኪና ኤርኮንዲሽን አላት። በሐይቅ ከተማ የዚያች መኪና ወሬ ከመስጊድም ከቤተ ክርስቲያንም ደጃፍ አይጠፋም። ልጁም ጉራውን ይነዛል። «እኔ በረሃ የምወርደው ሐይቅን አጥፌ ኪሴ ከትቼ ነው!» ይላል። አጥማጆቹ ይህን ሰምተው ዓሣ ወደ ባቲ እንዲያደርስላቸው ለምነውት ያውቃሉ። እናቴ አንድ ማለዳ ቤቱ ሄደችና «ልጄ፣ ስለዚያች መኪና የምትለው እውነት ነው?» አለችው። «ወላሂ እትዬ! ጋቢ ታስለብሳለች» አላት። ለመለዋወጫ ዕቃ አሰብ የሚወርድበት ቀን ቀርቦ ስለነበር ፈረንጁን አለቃውን አስፈቀደልን። የቀበሌው ሊቀ መንበርም ብዙ ካስመላለሰን በኋላ የይለፍ ወረቀት ጻፈልን፤ እናትና ልጅ፣ በሽተኛ ለማምጣት።

እናቴ ከኮምቦልቻ ወዲያ ሄዳ አታውቅም ነበር። አሰብ ደርሰን መኪናው ሲቆም በሩን ከፈተችና ወዲያው መልሳ ዘጋችው። «ምነው?» ስላት «እዚህ አጠገብ እሳት እየነደደ ነው፤ ይጥፋና እንወርዳለን» አለች።

አባቴን ከቤቱ ደጅ የሰሌን አልጋ ላይ ተቀምጦ አገኘነው። ሰውነቱ አልቆ ያ ጆንያ የተሸከመበት ትከሻ ብቻ ቀርቷል። እናቴን አየና «አንቺም መጣሽ?» አላት። ሌላ ነገር ሊጨምር ፈልጎ ትንፋሹ አልበቃውም።

በማግስቱ ሱብሒ ተሰግዶ ተነሳን። ማታ መንዳት ክልክል ስለነበር በረሃውን በቀን መሻገር ግድ ነው። አባቴን ቀዝቃዛው አየር ከሚወጣበት ፊት ለፊት፣ ከሾፌሩ አጠገብ አስቀመጥነው። እናቴ ልክ ከኋላው ተቀመጠች፤ እኔ ከእሷ ጎን። ሾፌሩ ጉረኛ ቢሆንም ሥራውን ያውቃል። መጀመሪያ መስኮቶቹን ሁሉ ከፍቶ እየነዳ የታፈነውን ሙቅ አየር አስወጣ። ከዚያ ዘጋና ኤርኮንዲሽኑን አበራ። በአባቴ በኩል ባለው መስታወት ላይ ፀሐይ እንዳትገባ ያረጠበውን ጆንያ ሰቀለ።

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሐይቅ እውነትም ኪሱ ውስጥ ነበረች። በዚያ ጥቁር ድንጋይ ብቻ በሚታይበት አገር እኛ የክረምት ማለዳ ላይ እንዳለን ሆነን ተጓዝን። አራት ሰዓት ሲሆን ብርዱ ወደ ፊት ሸሸ፤ ቀዳዳው ፊት ለተቀመጠ ይደርሳል፣ ከኋላ ላለነው ግን ወሬው ብቻ ነው የሚመጣው። ማራገቢያውን እስከ መጨረሻው ከፈተው፤ እንደ ወፍጮ ቤት ይጮህ ጀመር። በየኬላው ወታደሮቹ መስኮት አውርዱ ይላሉ። ስናወርድ ያጠራቀምነው ብርድ በአንድ አፍታ ይወጣል፤ እሱን ለመመለስ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። አንድ ወታደር ወረቀታችንን እንኳ ሳያይ አባቴን አየና «ይማርዎት አባት፤ ቶሎ ዝጉት፣ ዝጉት» ብሎ አሳለፈን።

ጸቡ የተነሳው ከዚያ ኬላ በኋላ ነው። እናቴ ሻርፗን ከራሷ አወለቀች፣ በአባቴ ትከሻ ላይ ተንጠራርታ የአየር ማውጫውን ቀዳዳ ጥቅጥቅ አድርጋ ደፈነችው።

«እትዬ! ምን አደረጉ?» አለ ሾፌሩ።

«ያላበው ገላ ላይ ነፋስ ትለቅበታለህ? ምን ነካህ ልጄ?»

«ብርዱ እኮ ነው የሚያድናቸው!»

«ብርድ ሰው ሲያድን የት አየህ?»

እኛን ታውቁናላችሁ። ሰባ ሰው የታጨቀበት አውቶቡስ ውስጥ ታፍነን እንሞታለን እንጂ መስኮት አንከፍትም፤ ነፋስ ይመታናል። እኔ ግን ፊዚክስ የተማርኩ ሰው ነኝ። አፈርኩባት። ሻርፑን ጎትቼ አወጣሁት። መልሳ ደፈነችው፤ መልሼ አወጣሁት። ሦስት ጊዜ እንደዚያ ሆንን። በሦስተኛው እጇን ይዤ «አንቺ ነሽ የምትገድይው!» አልኳት። አባቴ ወደ ሾፌሩ ዞር ብሎ በቀጭን ድምፅ «ተዋቸው፤ ሲጣሉ ስሰማ አገሬ የገባሁ ይመስለኛል» አለው። እናቴ ሻርፗን አጣጥፋ ጭኗ ላይ አደረገች።

እኩለ ቀን ላይ ትልቁ ዳገት መጣ። በአንደኛ ማርሽ ስንወጣ የሞተሩን ሙቀት የሚያሳየው ጌጅ ወደ ቀዩ ተጠጋ። ሾፌሩ ኤርኮንዲሽኑን አጠፋው። «ሞተሩ ሁለቱን አይችልም፤ ወይ ዳገቱን ይወጣል ወይ እኛን ያበርዳል» አለ። «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም» አለች እናቴ። ጌጁ አሁንም አልወረደም። ልጁ ላቡን ጠረገ፣ አባቴን አየ፣ ከዚያ በጣም ባፈረ ድምፅ «ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ ማሞቂያውን ልከፍተው ነው። የሞተሩን ሙቀት ወደ እኛ ካልሳብኩት እዚሁ ቀጥ ብለን እንቀራለን» አለ።

በሐምሌ፣ በዚያ በረሃ፣ በቀትር፣ ማሞቂያ! እኔ ጮህኩ። አባቴ ግን «ንዳ» አለ። የምድጃ ትንፋሽ ፊቱ ላይ ተለቀቀበት። ዓይኑን ጨፈነ። ራሱን የሳተ መስሎኝ ነበር። ብዙ ዓመት ቆይቶ ነው ሙቀቱ ተመችቶት እንቅልፍ ወስዶት እንደነበር የገባኝ።

ከዳገቱ ጫፍ ሾፌሩ መኪናውን አቁሞ ሞተሩን አጠፋ። ወርዶ ኮፈኑን ከፈተና ራዲያተሩ እስኪበርድ ጀሪካኑን ይዞ ቆመ። ድንገት ድምፅ ሁሉ ጠፋ። እናቴ ወደ ፊት አጎነበሰች፣ ጆሮዋን አባቴ ጀርባ ላይ ለጠፈች፣ እጇን ዝም በይ ብላ ወደ እኔ ዘረጋች። ላቧ ከአገጯ እየተንጠባጠበ ብዙ ቆየች።

«አልሐምዱሊላህ» አለች በመጨረሻ። «አለ፣ ይተነፍሳል። ከጠዋት ጀምሮ ያ ነፋስ እየጮኸ ትንፋሹን ከለከለኝ። ከኋላው ሆኜ ፊቱን አላየው፤ በጆሮዬ ነበር የምጠብቀው።»

ብርዱን ያሳበበችው ለሰው የሚነገረው ምክንያት እሱ ስለሆነ ነው። ባሏ በሕይወት መኖሩን ከሰዓት ሰዓት የምትቆጥርበትን ድምፅ እኔ ስነጥቃት ዋልኩ፤ ያውም የተማርኩ ነኝ ብዬ። እስከ ባቲ ድረስ ማራገቢያው በዝቅተኛው፣ መኪናው በዝግታ ሄደ። እኔ ጨርቅ እያረጠብኩ ግንባሩ ላይ አደረግሁ። ባቲ አድረን በማግስቱ ሐይቅ ገባን። ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቶ ተቀበለን፤ ሾፌሩን «ጀግና» አሉት። በረሃውን አሸነፍን አልን። እውነት ነው፣ አሸንፈናል።

ያልጠበቅነው ብርዱን ነው። መጀመሪያ የሐምሌው ዝናብና ጉም፣ ኋላ የጥቅምት ውርጭ። አባቴ በሁለት ጋቢ ላይ ካፖርት ደርቦ፣ ቆብ አድርጎ፣ ከማለዳ እስከ ማታ ፀሐይን እየተከተለ ወንበሩን በግድግዳው ዙሪያ ሲያዛውር ይውላል። ሳሉ አላስተኛው አለ። የደሴው ሐኪም ክኒን ሰጠው። ውሃው ፊት ለፊቱ ተዘርግቶ ሳለ ጀርባውን ይሰጠዋል፤ ነፋሱ ከዚያ ነዋ የሚመጣው። አንድ ቀን ሾፌሩ ሊጠይቀው ሲመጣ «መቼ ነው የምትወርደው?» አለው። «ሰኞ ነው ጋሼ።» «ይዘኸኝ ውረድ።»

እኔ ቀልድ መስሎኝ ነበር። እናቴ ግን በሦስተኛው ቀን ቀበሌ ሄዳ ወረቀት አስጽፋ መጣች። የሁለት ሰው፣ የእሷና የእሱ።

«ሐኪሙ ያለውን ረሳሽው? ልትገድይው ነው?» አልኳት።

ሸሚዞቹን እያጣጠፈች ነበር። ቀና እንኳ ሳትል እንዲህ አለችኝ፦ «አንቺ እንዲቆይልሽ ትፈልጊያለሽ። ሐቅሽ ነው እቱ። እኔ ደግሞ እንዲሞቀው እፈልጋለሁ። ሌሊት ሲንቀጠቀጥ አቅፌ የምይዘው እኔ ነኝ።»

አኮረፍኩ። ልጅነት ነው እንዳልል አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ሰኞ ጠዋት ነጯ መኪና መጥታ ሲሳፈሩ ከበራፍ አልወጣሁም። አባቴ ከፊት ወንበር ላይ በጋቢና በካፖርት ተጠቅልሎ ወደ እኔ ዞረ። ሊሰናበተኝ እጁን ከዚያ ሁሉ ልብስ ውስጥ ለማውጣት ሲታገል አየሁት። እስኪያወጣው አልጠበቅሁም፤ ገባሁ።

እስከ መጋቢት ኖረ። እሱ መጀመሪያ አሰብ ከወረደ ወዲህ እናቴና አባቴ በአንድ ጣሪያ ሥር ያን ያህል ጊዜ አብረው ኖረው አያውቁም። እዚያው ተቀበረ። እናቴ ብቻዋን ተመለሰች፣ ፊቷ ጠቁሮ። ስለ አሰብ ስጠይቃት «ሸጋ ነበር» ትላለች፤ ከዚያ ሌላ አትጨምርም። የጉዞውን ነገር የነገረኝ ሾፌሩ ነው፣ ለለቅሶ የመጣ ለት።

«ባቲን እንዳለፍን ኤርኮንዲሽኑን ላብራው ስል አባትሽ ‹እንዳትነካው› አሉኝ» አለ። «መስኮቱን ሁሉ አስከፈቱኝ። መጀመሪያ ቆባቸውን አወለቁ። ትንሽ ሄድን፣ ካፖርቱን። ቀጥሎ አንዱን ጋቢ፣ ቀጥሎ ሌላውን። እናትሽ ከኋላ እየተቀበለች ታጥፋለች፤ ትስቃለች። ሚሌ ስንደርስ በሸሚዝ ቀሩ፤ እሱንም እጅጌውን ጠቅልለው። ሳል የለ፣ ምን የለ። ከዚያማ ክንዳቸውን በመስኮት አውጥተው፣ በመንገድ ላገኙት ሰው ሁሉ፣ ለግመሉም ለመኪናውም፣ እጃቸውን እያውለበለቡ ወረዱ።»

ያን ሰዓት እኔ ቤት ውስጥ ነበርኩ፤ ኩርፊያዬ ገና አልወጣልኝም ነበር።