ፀሐይዋን እፍ በሉላት

እኔ ልጆች አልወድም። ይህን አስቀድሜ ልናገርና ይውጣልኝ። ሰፈሩ «የሰማይ ቤት» በሚለው ክብ አዳራሽ ውስጥ፣ ማለትም ሰው ሠራሽ ሰማይ በሚታይበት ፕላኔታሪየማችን፣ የፕሮጀክተሩና የመብራቱ ሠራተኛ ነኝ። በየጠዋቱ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ይቆማል፣ ልጅ ይራገፋል፣ ወንበር ሥር ማስቲካ ይለጠፋል፤ ማስቲካውን የምፍቀው ደግሞ እኔው ነኝ። ስለዚህ ስለ እሷ ደግ ደጉን ሳወራ ብትሰሙኝ፣ የልጅ ፍቅር አስክሮት ነው እንዳትሉኝ።

እሷ የምላችሁ ገላጫችን ናት፤ ማይክሮፎን ይዛ ጉልላቱ ላይ የሚታየውን ሰማይ የምታስረዳው። አጭር ናት። ድምጿ ግን አዳራሹን ስለሚሞላው ማይክሮፎኑን የምትይዘው ለወጉ ያህል ነው። ድሮ ሙዓለ ሕፃናት ታስተምር ነበር፤ ባሏ ሲሞትባት አንዲት ሴት ልጇን አዝላ ወደኛ መጣች። ተማሪዎቹ «የሰማይ እትዬ» ይሏታል። እኔ «እህቴ» እላታለሁ፣ እሷ «ጋሼ» ትለኛለች፤ ሻይ ላይ ስንጨቃጨቅ ያየን ሰው ግን በእርግጥም የአንድ እናት ልጆች ናቸው ይላል።

ያለን ሰማይ አንድ ነው፤ እሷ ግን ለየዕድሜው ሌላ ሰማይ ታወጣለታለች። አምስተኛ ክፍሎች ሲመጡ ጥያቄ ታስጠይቃለች፤ ከመካከላቸው አንዱ፣ ጠፈርተኛ ሽንቱ ሲመጣ ምን ያደርጋል ብሎ ካልጠየቀ ያ ቀን ቀን አይደለም። ጎረምሶች ሲመጡ ደግሞ ዝም ማለት ታውቃለች። «ጎረምሳ የነገሩትን አይሰማም፤ የተዉለትን ነው የሚሰማው» ትላለች።

የሕፃናቱ ሥርዓት ግን ለብቻው ነው። መብራቱ ድንገት ቢጠፋ አንዱ ይጮኻል፣ አንዱ ከጮኸ ሁሉም ይጮኻሉ፣ ከዚያ አስተማሪዋም ለማልቀስ ትንሽ ነው የሚቀራት። ስለዚህ መብራቱን የሚያጠፉት ራሳቸው ናቸው። እኔ ጉልላቱ ጥግ ላይ የምትጠልቅ ፀሐይ አወጣለሁ። እሷ «ልጆቼ፣ ፀሐይ እንቅልፏ መጥቷል፤ እስቲ እፍ በሉላት» ትላለች። ጉንጫቸውን ነፍተው እፍ ይላሉ፤ እኔም እፍታቸውን እየሰማሁ የመብራቱን ማዞሪያ ቀስ እያደረግኩ ዝቅ አደርጋለሁ። ሕጋችን አንድ ነው፤ እፍታ ካልተሰማ መብራት አይቀንስም። «ሰው ራሱ ያመጣውን ጨለማ አይፈራም» ትለኛለች፣ ሕጉን ልጥስ የፈለግኩ ይመስል።

ዘዴውን ከመጽሐፍ አላገኘችውም። ልጇ ትንሽ ሳለች የምትተውበት ቤት ስላልነበራት ይዛት ትመጣ ነበር። ያቺ ልጅ ጨለማ ስትፈራ ለጉድ ነው! እጄን ወደ ማዞሪያው ስሰድ ገና ጩኸቷን ታቀልጠዋለች። አንድ ቀን እናቷ ተንበርክካ «በይ እንግዲህ ፀሐይዋን አንቺው አጥፊያት» አለቻት። ልጅቱም እንባዋ ሳይደርቅ ፀሐይዋን እፍ አለቻት። ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ መብራቱን ትንሽ ቀነስኩላት። ዞር ብላ አየችን፣ ደግማ እፍ አለች፣ ደግሜ ቀነስኩ። ሰማዩ ኮከብ በኮከብ ሲሆን እየሳቀች ነበር።

ያቺ ልጅ ዛሬ አስራ አንደኛ ክፍል ናት። ትምህርት ቤት ቀይራለች፤ አዲሶቹ ጓደኞቿ እናቷን አያውቋትም። ክፍሏ ሊጎበኘን ሲል እናትየዋ ሻይዋን ሳትነካ ተቀምጣ አገኘኋት።

«ጋሼ፣ ነገ የልጄ ክፍል ይመጣል።»

«ታዲያ እሰየው ነዋ! ምን ያስተክዝሻል?»

«እንደማታውቂኝ ሁኚ ብላኛለች።»

«ምን? እኔ ብሆን ጆሮዋን ይዤ...»

«ተው ጋሼ፣ አልፈርድባትም። እኔም በሷ ዕድሜ እናቴን ከሩቅ ሳያት መንገድ እሻገር ነበር። ቃል ገብቼላታለሁ፤ አንተም ዞር ብለህ እንዳታያት፣ አደራህን። ብቻ...» አለችና ተወችው።

የተወችውን አውቀዋለሁ። ልጇ ካደገች ወዲህ ሥራዋን አይታው አታውቅም፤ ነገ አይታ እንዳታፍርባት ነው የምትመኘው። ሌላ ምንም አልፈለገችም።

በማግስቱ ጠዋት ሕፃናት ሲጎርፉብን አረፈዱ። አንዱ ቡድን ሲወጣ ሌላው ይገባል፤ እፍ ሲሉ፣ ስቀንስ፣ እፍ ሲሉ፣ ስቀንስ። የመጨረሻዎቹ እንደወጡ ትንፋሽ ሳንሰበስብ አስራ አንደኛ ክፍሎች እየተጋፉ ገቡ። ልጅቱ ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ በሁለት ጓደኞቿ መሃል ተቀመጠች። ወደ እናቷ አላየችም። እናቷም እንደ ቃሏ አላየቻትም። ጉሮሮዋን ጠረገችና በዚያ ለሕፃናቱ በምታወጣው ጣፋጭ ድምጿ ጀመረች።

«ልጆቼ፣ ፀሐይ እንቅልፏ መጥቷል፤ እስቲ እፍ በሉላት።»

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ከኋላ አንድ ረጅም ልጅ «ጡጦዬን ስጡኝ!» ብሎ ሲጮህ ሳቁ ባሰበት። እሷ በዚያ ሁሉ ብርሃን መሃል ክው ብላ ቀረች። ማጥፋት እችል ነበር። ጨለማ ቢሆን ቢያንስ ፊቷ አይታይም። ነገር ግን ይህን ያህል ዓመት አንድ ሕግ የለመደ እጅ፣ እፍታ ሳይሰማ አልታዘዝ አለኝ። ከልማድ ያወጣኋት ፀሐይ ጉልላቱ ጥግ ላይ ናት፤ እጄ ማዞሪያው ላይ እንዳለ እንደ ሞኝ እጠብቃለሁ። ልጅቱ አንገቷን ደፍታለች። አደራውን ረስቼ ዓይኔን ተከልኩባት፤ በልቤ ያልሰደብኳት ስድብ አልነበረም።

ከዚያ አንዲት ቀጭን እፍታ ሰማሁ።

ልጅቱ ቀና ብላ ፀሐይዋን እያየች ነበር። መብራቱን ትንሽ ቀነስኩ። እንደገና ሳቁ፣ አሁን ግን ሳቁ ሳስቷል። ደግማ እፍ አለች፤ ደግሜ ቀነስኩ። በቀኟ ያለችው ጓደኛዋ መብራቱ እንደታዘዘላት ስታይ እሷም እፍ አለች። ከዚያ ረድፉ ሁሉ ተቀበለ። ባለጡጦውማ ጉንጩ እስኪፈነዳ ድረስ ነፋው! ኮከቦቹ ሲወጡ ሁሉም በአንድ አፍ «ኧረ!» አሉ፤ ጠዋት ሕፃናቱ ካሉት «ኧረ» በምንም አይለይም።

እናትየዋም ነፍስ ዘራች። አንዲት ኮከብ አሳይታ «ይህ የምታዩት ብርሃን ከዚያ ሲነሳ እናንተ አልተወለዳችሁም ነበር» አለቻቸውና ዝም አለች። እነዚያ ጉዶች ኮሽታ ሳያሰሙ ሽቅብ እያዩ ቆዩ።

መብራቱን መልሼ ከፍ ሳደርግ ባለጡጦው እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ ያ እፍ ማለት አሪፍ ነው። የማን ሐሳብ ነው?»

እውነቱን ብትናገር ቃሏን ማፍረሷ ነው። ወደ ሦስተኛው ረድፍ አልዞረችም።

«የአንዲት ጨለማ የምትፈራ ሕፃን ሐሳብ ነው» አለች።

«አሁን የት ናት?»

«አድጋለች። አሁን አትፈራም።»

ሦስተኛው ረድፍ ላይ ወንበር ተንቋቋ። ልጅቱ ተነስታ ቆማለች፤ ፊቷ እስከ ጆሮዋ ቀልቷል።

«እኔ ነኝ» አለች። «አሁንም ትንሽ እፈራለሁ፣ እማዬ።»

አንድም ሰው አልሳቀም። ያን ጊዜ ነው ሕጉን የጣስኩት፤ ማንም እፍ ሳይል መብራቱን ዝቅ አደረግኩት። ምን ላድርግ፣ ዓይኔን ልጠርግ ነበራ።