ለላሚቱ ያልሆነው መዝሙር

የልጅ ልጄ ጧት ጧት በስልኳ መዝሙር ትከፍታለች። ዛሬ ስትከፍት የልጅነቴ ላም ትዝ አለችኝ። እናቴ ካልዘመረችላት ወተት አትሰጥም ነበር።

አንድ ቀን እናቴ ጥሊሊ ከተማ ለቅሶ ሄደች። ታናሽ እህቴ ርቧት ስታለቅስ አባቴ ሊያልብ ተቀመጠ፤ ላሚቱ ግን ጠብታ ከለከለችው።

«አባዬ፣ እማዬ እኮ ትዘምርላታለች» አልሁት።

«እኔ ደብተራ ነኝ?»

የእህቴ ለቅሶ ሲበረታ በሻካራ ድምጡ ጀመረ። ላሚቱም ወተቷን ለቀቀች። ማለቢያው ከሞላ በኋላም አባቴ ዓይኑን ጨፍኖ ይዘምራል።

«ሞላ እኮ፣ አባዬ።»

«ዝም በል፤ ይኼ ለላሚቱ አይደለም።»

ያኔ ሳቅሁ። ዛሬ የማልባት ላም የለችኝም፤ ከስልኩ በላይ ጮኼ እዘምራለሁ።

«አያዬ፣ መዝሙሩን እኮ አላሰሙኝም» አለች ልጅቱ።

«እንግዲያ አጥፊውና አብረሽኝ ዘምሪ» አልኋት።