ቤር ሼቫ ወስጄ የሰበርኩት ድስት

ሐሙስ ማለዳ፣ ነታንያ

ከቤት የወጣሁት ሁለት የሸክላ ድስት በፎጣ ጠቅልዬ ነው። አንዱ የተሰነጠቀ፣ አንዱ ደህና። የምሄደው ቤር ሼቫ፣ እማማ ትብለጥ ዘንድ ነው። ጎንደር ገጠር ሳሉ የታወቁ ሸክላ ሠሪ እንደነበሩ ከዘመድ ሰምቻለሁ።

እኔ አሥር ዓመት መጋዘን ውስጥ ማልጌዛ የሚሉትን የዕቃ ማንሻ ስነዳ ኖሬ፣ አምና ትቼው ድስት መሥራት ጀመርኩ። ለመደርደሪያ ጌጥ ሳይሆን ወጥ የሚበስልበት ድስት። ድስቶቼ ግን ከተጣዱ ይሰነጠቃሉ። የመጋዘኑ አለቃዬ ደግሞ "ቦታህ አለ፤ እስከ እሑድ መልስ ስጠኝ" ብሎኛል። እማማ ትብለጥ ዘንድ መላ ከሌለ መልሴ የታወቀ ነው።

እናትህን ለምን አትጠይቅም የሚል አይጠፋም። እናቴም እዚያው ጎንደር ሳለች ሸክላ ትሠራ ነበር። በዚያ አገር ግን ሸክላ ሠሪ መባል ስድብ ነው፤ ጎረቤቶቻችን ድስታችንን ገዝተው ሲያበቁ ቡዳ ይሉን ነበር። "ከዚያ ሁሉ ወጥተን ልጄ ጭቃ ያቡካ? ያውም ወንድ ሆኖ?" ትላለች። በኛ ዘንድ ወንድ ብረት ይቀጠቅጣል፣ ይሸምናል፤ ጭቃ የሴት ነው። ስለ አሠራሩ ስጠይቃት "ረስቼዋለሁ" ብላ ቴሌቪዥን ትከፍታለች። እንዳልረሳች አውቃለሁ።

በባቡር

ጣቢያው በር ላይ ጠባቂው ፎጣውን አስፈታኝ። ድስቶቹን አገላብጦ አየና ቤር ሼቫ ውስጥ ድስት የሚሸጥ ሱቅ የለም ወይ ብሎ በዕብራይስጥ ጠየቀኝ። አለ አልኩት። ሳቀና አሳለፈኝ።

ባቡሩ በወታደር ተሞልቷል፤ ግማሾቹ መሣሪያቸውን ታቅፈው ተኝተዋል። ድስቶቹን ጭኔ ላይ አድርጌ ሁለት ሰዓት ያህል ተጓዝኩ። ከቂርያት ጋት በኋላ አረንጓዴው እየሳሳ ሄዶ መሬቱ ብጫ ይሆናል። ሌላው ሰው ስልኩን ሲያይ እኔ አፈሩን ሳይ ነበር። ይህ ልማድ በዚህ አንድ ዓመት ውስጥ የመጣብኝ ነው።

ረፋድ፣ ሽኩና ሄ

ከጣቢያው በአውቶቡስ ሽኩና ሄ የሚሉት ሰፈር ደረስኩ። እማማ ትብለጥ የሚኖሩት ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ አሳንሰር የለውም። በሩን የከፈተችልኝ ልጃቸው ዝናሽ ናት። ኤመቅ ሳራ በሚሉት የፋብሪካ ሰፈር ትሠራለች፤ የከሰዓት ተረኛ ስለሆነች የሥራ ልብሷን ለብሳ ነበር።

መጀመሪያ ምሳ ቀረበ፤ ከሱቅ በተገዛ እንጀራ የምስር ወጥ። ወጡ የተሠራው በብረት ድስት ነው።

ከምሳ በኋላ እማማ ትብለጥ የተሰነጠቀውን አንሥተው በጣታቸው አንኳኩና ስንጥቁን በጥፍራቸው ተከተሉት።

"ገሉስ?" አሉኝ።

"የቱ ገል?"

"እስካሁን የሰበርከው ነዋ። ስብርባሪውን የት አኖርከው?"

እውነቱን ነገርኳቸው። እናቴና ጎረቤት እንዳያዩብኝ በከረጢት አድርጌ ማለዳ ማለዳ ቆሻሻ ውስጥ ስጥለው ነው የከረምኩት።

"ዓመት ሙሉ?"

"ዓመት ሙሉ።"

ሻሻቸው እስኪንሸራተት ሳቁብኝ። "ልጄ፣ ጭቃ ለብቻው እሳት አይችልም። ገሉ ተወቅጦ፣ ተነፍቶ ከጭቃው ጋር ይለወሳል። እሳት የለመደው ነው አዲሱን የሚይዘው። እናትህ ይሄን ታጣዋለች?"

"ረሳሁት ትላለች።"

"እኔም ለልጆቼ እንዲያ ነበር የምላቸው" አሉ። ዝናሽ ቀና ብላ አየቻቸው።

ቀጥለው ደህናውን ድስት አነሡ። "ተጥዶ ያውቃል?"

"አያውቅም።"

"ለምን?"

"ይሰነጠቃል ብዬ ፈራሁ።"

"እንግዲያው ድስት አይደለም። የአንዱ ገል አይበቃህም፤ ሁለቱንም ስበር። ካልፈለግህም ተወው፣ ለማየት ያምራል።"

ያንን ድስት አራት ወር ከአልጋዬ አጠገብ አስቀምጬ ኖሬያለሁ። ሥራህ የታለ ለሚለኝ የማሳየው እሱን ብቻ ነበር። እሱን ሰብሬ እሑድ ወደ መጋዘን ብመለስ በእጄ የሚቀር ነገር የለም። ዝናሽ አዘነችልኝ መሰል፣ "ኢማ፣ ዛሬ እኮ ይሄ ነገር በሃኑት ተፈጭቶ ይሸጣል" አለቻቸው።

"ይሸጥ" አሉ እናቷ። "የሚጠይቀው እኔን ነው፣ ሱቁን አይደለም።"

ሰገነቱ ላይ ጨርቅ አንጥፌ ደህናውን ድስት በድንጋይ መታሁት። በሁለተኛው ምት ተሰበረ፤ የተሰነጠቀውንም ደገምኩት። እማማ ትብለጥ በርጩማ ላይ ተቀምጠው "አድቅቅ፣ ገና ነው" ይሉኛል። ዝናሽ ወደ አቮዳ፣ ወደ ሥራዋ፣ ስትወጣ ሰገነቱ በር ላይ ቆም አለች። "አሥራ ሦስት ዓመት ፋብሪካ ውስጥ ክዳን ስገጥም ኖርኩ። የሠራሽውን አሳዪኝ ያለኝ ሰው የለም" አለችና ትንሽ አሰብ አድርጋ ጨመረች፤ "ደመወዙ ግን በቀኑ ይገባል። እሱንም አስብበት።" አውቶቡሱ እንዳያመልጣት ደረጃውን በሩጫ ወረደች። የተናገረችው ልክ ነው።

አመሻሽ፣ መልስ

በሁለት ድስት ሄጄ በአንድ ፌስታል ቀይ ዱቄት ተመለስኩ። ከጉዞው ምን ተማርክ ለሚለኝ፣ ዓመት ሙሉ ያፈርኩበትን ነገር መጣሌ ስህተት እንደነበር ተማርኩ። የሚቀጥለው ድስት ይሰንጠቅ አይሰንጠቅ ግን አላውቅም፤ እማማ ትብለጥም ቃል አልገቡልኝም።

ነታንያ ስደርስ እናቴ ወጥ ቤት ነበረች። ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩና እሑድን ሳልጠብቅ አለቃዬ ጋ ደወልኩ። የኛው ልጅ ነው፤ በአማርኛ ነው የምናወራው።

"አልመለስም" አልኩት።

"ሌላ ቦታ አገኘህ እንዴ? ምን ልትሠራ?"

"ሸክላ ሠሪ ነኝ።"

ወጥ ቤት የነበረው የሳህን ድምፅ ቆመ። አለቃዬ መልካም ዕድል ብሎ ዘጋ። ከእናቴ የምሰማውን ለመስማት ተዘጋጅቼ ቆምኩ።

እጇን በቀሚሷ እየጠረገች መጣች። ፌስታሉን ፈታች፣ ከዱቄቱ ቆንጠር አድርጋ በሁለት ጣቷ አሸት አሸት አደረገችው።

"ማን ነው ይሄን ደቀቀ ያለህ?" አለች። ከቁም ሳጥኑ ወንፊቱን አወጣችና ቁጭ ብላ መንፋት ጀመረች።