የጋሽ አብዲ የግመል ወተት

በደርግ ዘመን ነው፤ የሕክምና ትምህርቴ የመጨረሻ ዓመት ላይ ለተግባር ልምምድ ድሬዳዋ ተመድቤ ሳለሁ። ዛሬም ተማሪ በፈተንኩ ቁጥር ትዝ እያለኝ ብቻዬን እስቃለሁ።

ያን ቀን የተግባር ፈተና ነበረብኝ። አንድ በሽተኛ ይሰጥሻል፤ ጠይቀሽ፣ መርምረሽ፣ በሽታው ምን እንደሆነና ለምን እንደዚያ እንዳልሽ ለፈታኙ ታስረጃለሽ። ከወደቅኩ ዓመቱን መድገሜ ነው። እናቴ ደግሞ ለጎረቤቱ ሁሉ "ዶክተሯ ልጄ" ማለት ከጀመረች ቆይታለች።

የደረሱኝ ጋሽ አብዲ የሚባሉ የመጋላ ሰፈር ነጋዴ ናቸው። ትኩሳታቸው ይመጣል፣ ይሄዳል፤ ወገባቸውን ይቆርጣቸዋል፤ ሌሊት ላብ በላብ ይሆናሉ። የወባ መድኃኒት ወስደው አልተሻላቸውም። የሚበሉትንና የሚጠጡትን ብጠይቃቸው ሩዝ፣ ሥጋ፣ ሻይ አሉኝ። ጨነቀኝ።

አሳዘንኳቸው መሰለኝ፣ ከአልጋቸው ሥር ክዳን ያለው ጣሳ አወጡ።

"አቦ ጠጪ! ፊትሽ ገርጥቷል። የግመል ወተት ነው፣ ዘመዶቼ ከገጠር ያመጡልኛል።"

"የሚጠጡትን ስጠይቅዎ ለምን አልነገሩኝም?"

"ይሄ መድኃኒት ነው እንጂ መጠጥ ነው እንዴ?"

"ፈልቷል?"

ሳቁብኝ። "ወላሂ፣ አንቺስ! የግመል ወተት ይፈላል? ኃይሉ ይጠፋል እኮ!"

ልቤ ዘለለ። ፈታኙ ሲመጡ "ብሩሴሎሲስ ነው የምለው፤ ካልፈላ ወተት የሚይዝ በሽታ ነው" አልኳቸው። ተማሪ የሚያርበደብዱ ሰው ናቸው።

"ድሬዳዋ ተቀምጠሽ ወባን ዘለሽ ታልፊያለሽ?" ብለው ጮኹብኝ። "ሐሳብሽን ቀይሪ፣ ዕድል ልስጥሽ!"

ግን የመጣው ይምጣ አልኩ።

"አልቀይርም። ወባ ቢሆን መድኃኒቱ ያሽላቸው ነበር። ወገባቸውም አለ፣ ወተቱም አለ። ደማቸው ይመርመር።"

ደማቸው እንዲቀዳ አዘው ሄዱ። የደሙ ውጤት እስኪመጣ እንቅልፍ የሚባል አላየሁም። እንዳልኩት ሆነ። ፈታኙ ጠርተውኝ፣ "በውጤቱ አይደለም ያለፍሽው። ስጮህብሽ ምክንያትሽን ስላልጣልሽ የዚያኑ ዕለት አሳልፌሻለሁ" አሉኝ። በደስታም በንዴትም አለቀስኩ።

ጋሽ አብዲ ከዳኑ በኋላ ፔርሙዝ ይዘው መጡ። "ላንቺ ስል አፈላሁት፤ መድኃኒቱን ገደልኩት" አሉኝ ከልባቸው እያዘኑ። እስኪበቃኝ ጠጣሁ።

አሁን እኔም ተማሪዎቼ ላይ እጮኻለሁ። ምክንያቱን ይዞ "አልቀይርም" የሚለኝ ሲገኝ፣ ፊቴን እንዳኮሳተርኩ ውስጤ እልል ይላል።