የልብስ ተኳሿ አውራ ጣት

መጻፍ የእኔ ሥራ አይደለም፤ ፊደል የቆጠርኩትም ካደግሁ በኋላ ነው። ብሳሳት አትሳቁብኝ። የዚችን ሴት ነገር ዝም ልበል ብል ግን ሆዴ እሺ አላለኝም።

ላውንደሪ ውስጥ ሃያ ዓመት ልብስ ተኩሳለች። ከሥራ ሲወጡ፣ ሳሙና እንዳይሰርቁ ተብሎ፣ ወንድ ዘበኛ አስራ ሁለቱን ሴት ሠራተኞች ገላቸውን እየዳበሰ ይፈትሻቸው ነበር። አንድ ቀን "አሁንስ በቃን" አሉና "ሴት ትፈትሸን" የሚል ማመልከቻ አስጻፉ። የአስራ ሁለቱም ስም ሰፈረ፤ በአውራ ጣታቸው ሊፈርሙ ተሰለፉ።

ተራዋ ሲደርስ ጣቷን ቀለሙ ላይ ጫን አደረገች። ከዚያ ነጩን ወረቀት አየች። ሃያ ዓመት ሙሉ በቆሸሸ እጅ ነጭ ነገር ነክታ አታውቅም። ሳታስበው ጣቷን በሽርጧ ጥርግ አድርጋ ወረቀቱ ላይ አሳረፈች። እጇ የለመደውን ነው የሠራው፤ እሷም ልብ አላለችው።

በማግስቱ ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን መውጫው በር ላይ ለጠፈው።

"አስራ አንድ ጣት ነው ያለው። ሁላችሁም ካልተስማማችሁ አልቀበልም" አለ።

ከስሟ ትይዩ ያለው ቦታ ባዶ ነበር።

"ፈርተሽ ነው አይደል?" አለቻት ማመልከቻውን ያስጻፈችው አጣቢ።

"ኧረ እኔ ልሙት! ጣቴን ጠርጌው ነው እኮ።"

"ጠርጌው? ሂጂ ወዲያ! ፈሪነትሽን አውቅ ነበር፤ ቀልደኛ መሆንሽን ገና ዛሬ ሰማሁ።"

ሴቶቹ ሳቁ። ከዚያ ወዲያ ግን ያናገራት የለም። ምሳ ሰዓት ወንበራቸውን ይዘው ወደ መስኮቱ ሄዱ፤ እሷ ከካውያዋ ጋር ቀረች።

ሳምንት እንዲህ ሆነ። ዘበኛው እየዳበሳት፣ "አንቺስ ግድ የለሽም አሉ" ይላታል። ቤቷ ስትገባ ጠዋት የተወችው ብርጭቆ እዚያው ቦታው ላይ ይጠብቃታል። የሰው ድምፅ እንዲኖር ብላ ሬዲዮ ትከፍታለች። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ሬዲዮውን "እኔ እኮ ፈርሜያለሁ" አለችው። የገዛ ድምጿን ስትሰማ አፈረች።

በነጋታው ከሁሉም ቀድማ መጣች። ከቢሮው ጸሐፊ የማኅተም ቀለም ለምና ይዛ በሩ ጋ ቆመች። ሴቶቹ ሲደርሱ ዘበኛው "ኧረ አንቺ ሴትዮ፣ ወረቀቱን እንዳትነኪ!" እያለ ይጮህባት ነበር። እሷ አውራ ጣቷን ቀለሙ ውስጥ ነከረች። ሽርጧን በግራ እጇ ወደ ኋላ ጠቅልላ ያዘችና፣ ጥቁሩን ጣቷን ከስሟ ጎን ጫነችው።